የዜግነት ጥያቄዎቹን ሸምድጃለሁ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በዲቪ መጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ለዜግነት ያመለከትኩት ኦገስት 2025 ስለሆነ የምፈተነው በድሮው ነው። መቶ ጥያቄ ይጠናል፣ እስከ አሥር ይጠየቃል፣ ስድስት ከመለስኩ አለፍኩ። ከኦክቶበር 20 በኋላ ያመለከተችው ጓደኛዬ 128 ጥያቄ ነው የምታጠናው። እሷን ሳይ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

መቶውንም በቃሌ ይዣቸዋለሁ። እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የምወርደው። ልጅ ሆነን ግዕዙ ሳይገባን እንደምናነበንበው ማለቴ ነው። ችግሩም እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት የምንከባከባቸው እናት (94 ዓመታቸው ነው፣ ጭንቅላታቸው ግን ከኔ ይሻላል) "ኮንግረስ ውስጥ የሚወክልሽ ማነው?" አሉኝ። ስሙን ነገርኳቸው። "ጎበዝ! ምን ይሠራልሻል?" አሉኝ። ዝም አልኩ።

ሌላም አለ። የምሠራበት ድርጅት አንዳንድ ቀን ዋሽንግተን ዲሲ ይልከኛል። የዲሲውን ሰዓት በሜሪላንድ ሒሳብ ከፈሉኝ። ጓደኛዬ "ለመንግሥት አመልክቺ" አለችኝ። እሺ፣ ለየትኛው መንግሥት? ዋሽንግተን ላለው? አናፖሊስ ላለው የሜሪላንድ ስቴት? ከስቴቱ በታች ላለው ካውንቲ?

ሁሌ የሚያናድደኝ ደግሞ፣ ብዙ ሰው የመረጠው ተሸንፎ ጥቂት ሰው የመረጠው እንዴት ፕሬዚዳንት ይሆናል? ፕሬዚዳንቱ አለቃ ከሆነስ መንግሥት በየጊዜው "ተዘጋ" የሚባለው ምንድነው? ባለቤቱ ቆሞ ሱቅ ይዘጋል እንዴ?

እባካችሁ "ዩቱብ ላይ አለ" አትበሉኝ። አይቻለሁ። ሁሉም ሦስት ክብ ይስልና "ሦስቱ የመንግሥት አካላት" ይላል። ክቡን አውቀዋለሁ።

ዳላስ ነኝ፦

እህት፣ እኔ ዜጋ ከሆንኩ 11 ዓመቴ ነው፣ አሁንም አልገባኝም። ፈተናው ላይ ስድስት ስትሞይ ራሳቸው ያቆማሉ። እለፊና እዚህ ማዶ አብረን ግራ እንጋባለን።

ቀዩ ታክሲ፦

እህቴ፣ እኔ ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ 24 ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ከኋላ ወንበር ነው የተማርኩት። ረዘም ይላል፣ ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

መጀመሪያ የኔን ፈተና ልንገርሽ። 2011 ላይ ነው። መርማሪዋ "የአንዱን ሴናተርህን ስም ንገረኝ" አለችኝ። "የለኝም" አልኳት። ከወረቀቷ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ ብላ ምልክት አደረገች። ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። የምኖረው ዲሲ ነዋ! ዲሲ ስቴት ስላልሆነች ሴናተር የላትም። ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ አንዲት ወንበር አለችን፣ ሕግ ሲጸድቅ ግን ድምፅ አትሰጥም። የዲሲ መኪኖች ሰሌዳ ላይ "ያለ ውክልና ግብር ማስከፈል ይቁም" የሚል ጽሑፍ አይተሽ ይሆናል። እንግሊዝን ሲዋጉ ያነሱት የነበረውን ቅሬታ ነው መልሰን የምናነሳው። እኔ ግብሬን እከፍላለሁ፣ ሴናተር የለኝም። አንቺ ከኢስተርን አቬኑ ወዲያ ስለምትኖሪ ብቻ ሁለት አለሽ። አንድ መንገድ ነው የሚለየን።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። "መንግሥት" የሚለውን ቃላችንን ለጊዜው እርሺው። እሱ ነው የሚያሳስተን። እኛ "መንግሥት" ስንል አንድ ነገር ነው የሚታየን፣ ላይ ያለ፣ ከላይ ወደ ታች የሚያዝ። እዚህ ግን ጎን ለጎን የቆሙ ብዙ መንግሥታት ናቸው። ፕሬዚዳንቱ የሜሪላንድን ገዥ አልሾመውም፣ ሊያባርርም አይችልም። ገዥውን ሕዝቡ ነው የመረጠው። ገዥውም የካውንቲሽን ምክር ቤት አላስቀመጠም።

ጆርጂያ አቬኑን ውሰጂ። በየቀኑ ታልፊበታለሽ። በረዶ ሲጥል ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እሱን የሚጠርገው የሜሪላንድ ስቴት ነው፣ ምክንያቱም የስቴት መንገድ ነው። ታጥፈሽ ቤትሽ ያለበት ጎዳና ስትገቢ የካውንቲው ጠራጊ ነው የሚመጣው። ወደ ደቡብ ነድተሽ ኢስተርን አቬኑን ከተሻገርሽ ያው ጆርጂያ አቬኑ የዲሲ ከተማ ነው። መንገዱ አንድ፣ አካፋው ሦስት። "መንገዱ አልተጠረገም" ብለሽ ለዋይት ሐውስ ብትደውዪ ማንም አይሰማሽም።

ደመወዝሽም እንደዚሁ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው፣ ከ2009 ጀምሮ አልተነካም። ሜሪላንድ "ይሄማ አይበቃም" ብላ ከ2024 መጀመሪያ 15 ዶላር አደረገችው። የእናንተ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዚያም በላይ ጨመረበት። ዲሲ በ2025 ጁላይ 17.95 ገባ። ፌዴራሉ ወለሉን ነው የሚያነጥፈው፣ ከላዩ መጨመር ለሌሎቹ ተፈቅዷል። ስለዚህ ለዲሲው ሰዓትሽ አቤት የምትይው ለዲሲ ነው። የዲሲ የሥራና ቅጥር መሥሪያ ቤት ውስጥ ደመወዝና የሥራ ሰዓት የሚከታተል ክፍል አለ። የሠራሽበትን ቀንና አድራሻ ጽፈሽ ያዢ፣ የከፈሉሽን ወረቀት እንዳትጥይ።

ፓስፖርት፣ ኢሚግሬሽን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ፖስታ ቤት፣ ጦር ሠራዊት፣ ዶላር ማተም የፌዴራል ነው። መንጃ ፈቃድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ አብዛኛው የወንጀል ሕግ የስቴት ነው። የልጅሽ ትምህርት ቤት የካውንቲ ነው። የሕገ መንግሥቱ አሥረኛ ማሻሻያ ለፌዴራል ያልተሰጠ ሥልጣን የስቴቶቹ ወይም የሕዝቡ ነው ይላል። ያንን ጥያቄ ሸምድደሽዋል መሰለኝ።

አሁን ታክሲ ውስጥ ግቢ። ካፒቶል ልውሰድሽ። ኮንግረስ ያለበት፣ ጉልላት ያለው ነጩ ሕንፃ። በደቡብ በኩል ያለው ክንፍ የተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ በሰሜን በኩል ያለው ሴኔት። ከእያንዳንዱ ክንፍ በላይ ባንዲራ አለ። ባንዲራው ከተሰቀለ ያ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ነው። ሌሊት ደግሞ ጉልላቱ አናት ላይ፣ ከሐውልቷ እግር ሥር፣ መብራት አለች። እሷ ከበራች አንዳቸው አምሽተው እየተሰበሰቡ ነው ማለት ነው። እኛ ታክሲ ነጂዎች ቴሌቪዥን አያስፈልገንም። መብራቷን አይተን ተሳፋሪ እንጠብቃለን።

ለምን ሁለት ምክር ቤት ሆነ? በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱን ሲጽፉ ትልልቆቹ ስቴቶች "ወንበር በሕዝብ ብዛት ይሁን" አሉ፣ ትንንሾቹ "አትውጡን፣ እኩል ይሁን" አሉ። ሊበተኑ ነበር። ከዚያ ሁለቱንም አደረጉት። ተወካዮቹ በሕዝብ ብዛት፣ ዛሬ 435 ናቸው። ሴኔቱ ለእያንዳንዱ ስቴት ሁለት ሁለት። እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላም ስምምነት ተደርጓል፣ እሱን ማለፍ አልወድም። ደቡቦቹ ባሪያዎቻቸው እንደ ሕዝብ እንዲቆጠሩላቸው ፈለጉ፣ ድምፅ ግን ሊሰጧቸው አይደለም። አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠር ተባለ። ሰዎቹን ሰንሰለት ላይ አስቀምጠው በእነሱ ቁጥር ወንበር ወሰዱ።

ሴኔቱን ስታይ ዋዮሚንግ 600 ሺህ የማይሞላ ሰው ይዛ ሁለት ሴናተር አላት። ካሊፎርኒያ ወደ 40 ሚሊዮን ሰው ይዛ ያው ሁለት። ዲሲ ከዋዮሚንግ ሕዝብ ትበልጣለች፣ ዜሮ። እኔ ይሄን ሳስብ የመኪናዬን ጡሩንባ መንፋት ያምረኛል።

ይሄንን ይዘሽ ፕሬዚዳንቱ ጋ ነይ። በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ የሚባል አንድ ምርጫ የለም። 51 ምርጫ ነው ያለው፣ 50 ስቴትና ዲሲ። እያንዳንዱ ስቴት የተወካዮቹን ቁጥር ሲደመር ሁለት ሴናተር ያህል ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡ ልዑካን አሉት። ሜሪላንድ 8 ተወካይና 2 ሴናተር አላት፣ ስለዚህ 10። ዋዮሚንግ 3። ለዲሲ በ1961 በ23ኛው ማሻሻያ 3 ሰጡን። ጠቅላላ 538፣ ማሸነፊያው 270። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በአንድ ስቴት ውስጥ በአንድ ድምፅም ይሁን በሚሊዮን ብልጫ ያሸነፈ የስቴቱን ልዑካን በሙሉ ይወስዳል።

መረብ ኳስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጨዋታው በጠቅላላ ነጥብ አይደለም፣ በዙር ነው። ሁለቱን ዙር 25 ለ 10 ልታሸንፊ ትችያለሽ። ሌሎቹን ሁለት ዙር 25 ለ 23፣ የመጨረሻውን አምስተኛ ዙር ደግሞ 15 ለ 13 ከተሸነፍሽ ግን ነጥብሽ በልጦ ጨዋታው አመለጠሽ። በ2000 አል ጎር በመላ አገሪቱ ከ500 ሺህ በላይ ድምፅ በልጦ ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ ተሸነፈና ቡሽ ገባ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በልጣ በልዑካን 304 ለ 227 ተሸነፈች። መናደድሽ ትክክል ነው። እዚህ አገር የተወለዱትም ይናደዳሉ፣ በተለይ የተሸነፉ ቀን።

ከካፒቶል በፔንሲልቬንያ አቬኑ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትነጂ ከአንድ ማይል ትንሽ አልፎ ዋይት ሐውስ ነው። "አለቃ ከሆነ ሱቁ ለምን ይዘጋል" ያልሽው እዚህ መንገድ ላይ ነው መልሱ። የካዝናው ቁልፍ ዋይት ሐውስ አይደለም ያለው። ካፒቶል ነው። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል። እስከዚያ ሁለቱም ምክር ቤቶች አንድ ዓይነት ረቂቅ አጽድቀው ፕሬዚዳንቱ ካልፈረመ፣ መሥሪያ ቤቶቹ የሚያወጡት ገንዘብ የለም። ሴኔት ውስጥ ደግሞ በራሳቸው ደንብ ምክንያት አብዛኛውን ነገር ወደ ድምፅ ለማድረስ ከ100 ሴናተር 60 ያስፈልጋል። 51 ያለው ፓርቲ አሸናፊ ነው ይባላል፣ ግን ከሌላው ወገን ካልለመነ እጁ አጭር ነው።

ይሄን በራሴ ኪስ አውቀዋለሁ። ከዲሴምበር 2018 እስከ ጃንዋሪ 2019 ለ35 ቀን ተዘጋ፣ ስለ ድንበሩ ግንብ ሲጣሉ። ሠራተኛው ቤቱ፣ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ዝግ፣ ቱሪስት የለም። ኬ ስትሪት ላይ ቆሜ ጋዜጣ ጨርሼ ማስታወቂያውን ሁሉ አነበብኩ። "ከዚህ የባሰ አይመጣም" ብዬ ነበር። በ2025 ኦክቶበር 1 ተዘግቶ 43 ቀን ቆየ። የመንግሥት ሠራተኞቹ ያለፈው ደመወዛቸው በኋላ ይከፈላቸዋል። ለታክሲ ነጂ ማን ይከፍላል?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ካፒቶል ጀርባ ነው። እስከ 1935 ድረስ የራሱ ሕንፃ እንኳ አልነበረውም፣ ካፒቶል ውስጥ ተጠግቶ ነበር የሚሠራው። ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጣቸው ዘጠኝ ዳኞች አሉ፣ ፕሬዚዳንቱ ያቀርባል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፣ ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን ነው። ወታደር የላቸውም፣ ገንዘብ የላቸውም። ግን በ1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰንን "የቀረጽከውን ካሴት አምጣ" አሉት፣ ጁላይ 24 ቀን። አመጣ። ኦገስት 9 ቀን ከሥልጣን ወረደ። የዚያን ጊዜ ጡረተኛ የሆነ ተሳፋሪ "ያን ቀን ታንክ ይወጣል ብዬ በመስኮት ሳይ ዋልኩ" ብሎኝ ነበር። ታንክ አልወጣም።

ኮሌጅ ፓርክ ተማሪ፦

ጋሼ፣ በጣም አሪፍ ነው ያስረዱት። አንድ እርማት ብቻ። ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ኮንግረስ በተራ ሕግ ነው የሚወስነው። መጀመሪያ ስድስት ነበሩ፣ ከዚያ ወጣ ገባ ሲል ቆይቶ ዘጠኝ ላይ የቆመው በ1869 ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1937 ሊጨምርበት ሞክሮ አልሆነለትም። ፍርድ ቤቱ "ይሄ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል" ብሎ መሻር እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ላይ በግልጽ አልተጻፈም። በ1803 ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው በአንድ ፍርድ ላይ ያለው፣ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ተቀብሎት ቀጠለ።

ቀዩ ታክሲ፦

ተማሪው ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። የኋላ ወንበር ላይ የተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ ግማሹን ሲያወሩ በር ከፍተው ይወርዳሉ።

አሌክሳንድሪያ፦

የ94 ዓመቷን እናት ጥያቄ ማንም አልመለሰላትም። "ምን ይሠራልሻል?" ያሉትን። እኔ ልመልስ።

የእናቴ ጉዳይ ኢሚግሬሽን ጋ ገብቶ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ስደውል ማሽን ነው የሚያነሳው። የሥራ ባልደረባዬ "ለተወካይሽ ቢሮ ለምን አትደውዪም?" አለችኝ። እኔ እኮ እንደ ሚኒስትር አስቤው ነው የፈራሁት። ደወልኩ፣ አንዲት ወጣት አነሳች። "ስለ ጉዳይሽ እንድንጠይቅልሽ ይህንን የፈቃድ ቅጽ ፈርሚ" አለችኝ። ፈረምኩ። አምስት ሳምንት ሳይሞላ መልስ መጣ። የፈለግኩት መልስ አልነበረም፣ አንድ ወረቀት ጎድሏል የሚል ነው። ግን ቢያንስ ምን እንደጎደለ አወቅኩ። ያኔ ዜጋ አልነበርኩም። እዚያ ዲስትሪክት መኖሬ በቃ። ገንዘብ አይጠይቁም።

ፓስፖርት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የአርበኞች ጡረታ፣ ኢሚግሬሽን፣ ፌዴራል የሆነ ነገር ሲቆለፍ ነው የሚደወለው። የመንጃ ፈቃድ ነገር ከሆነ ግን እነሱን አይመለከትም፣ ለስቴቱ ተወካይ ነው። ጋሼ እንዳሉት አካፋው ይለያያል።

ዳላስ ነኝ፦

ተመለስኩ። ቅድም ቀልጄ ነበር፣ አሁን የምሬን ነው። መጀመሪያ ስመርጥ ፕሬዚዳንት ብቻ የምመርጥ መስሎኝ ምሳ ሰዓቴ ላይ ሄድኩ። ወረቀቱ አያልቅም! እዚህ ቴክሳስ ዳኛ ይመረጣል፣ ያውም በፓርቲ። ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ዳኛ ከጎኑ "ሪፐብሊካን"፣ "ዴሞክራት" ይላል። ሸሪፍ አለ፣ ግብር ሰብሳቢ አለ። "የባቡር ኮሚሽነር" የሚል አየሁና ባቡር ስለማልሳፈር ዘለልኩት። በኋላ ነው ያወቅኩት፣ የቴክሳስ የባቡር ኮሚሽን ከባቡር ጋር ግንኙነት የለውም። ነዳጅና ጋዝ ነው የሚቆጣጠረው። ስሙን ማን ይቀይር!

የድምፅ መስጫው ናሙና ወረቀት ከምርጫው ቀደም ብሎ ይወጣል፣ ቤት ሆነሽ አንብቢው። እኔ ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ነው የምናየው። ዳኞቹ ላይ እንጣላለን።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እርስዎን ምን ብዬ ላመስግንዎት! የደመወዝ ወረቀቶቼን ፈልጌ አገኘሁ፣ ሰኞ እደውላለሁ። ለእናቴ (94ዋ) "ስልክ ያነሱልኛል፣ ኢሚግሬሽን ይጠይቁልኛል" ብዬ መለስኩላቸው። "አሁን ገና ዜጋ መሰልሽ" አሉኝ።

አንድ የቀረኝ፣ ፓርቲ መምረጥ ግዴታ ነው? እኔ የማንም መሆን አልፈልግም።

ዊተን፦

ግዴታ አይደለም። ግን የኔን ልንገርሽ። ስመዘገብ "ፓርቲ የለኝም" የሚለውን መረጥኩ፣ ኮራሁም። በ2024 ሜይ ላይ ፕራይመሪ መጣ። ፓርቲዎቹ እጩአቸውን የሚለዩበት ዙር ማለት ነው። ተሰልፌ ስደርስ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ያለው የትምህርት ቦርድ ምርጫ ብቻ ነው! "ሌላው የታለ?" ብዬ አስመራጯን ስጠይቃት "ሜሪላንድ ውስጥ የፓርቲ ፕራይመሪ ላይ የሚመርጠው የፓርቲው ተመዝጋቢ ነው" አለችኝ። እኛ አካባቢ ደግሞ አንዱ ፓርቲ በጣም ስለሚበልጥ ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው ፕራይመሪው ላይ ነው። ኖቬምበር ላይ ሁሉንም ትመርጫለሽ፣ ግን ሥጋው አልቆ መረቁ ላይ ነው የምትደርሺው። ወንዙን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ብትኖሪ ሲመዘገቡ ፓርቲ አይጠይቁም። ደስ ያለሽን ምረጪ፣ ብቻ አውቀሽ ይሁን።

ቀዩ ታክሲ፦

እኔ የምጨምረው አንድ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ቀልድ የለውም። የዜግነት መሐላውን ሳትፈጽሚ የመራጭነት ቅጽ ላይ እንዳትፈርሚ። መንጃ ፈቃድ ስታሳድሺ "ልመዝግብሽ?" ሊሉሽ ይችላሉ። ፈተናውን ማለፍ ዜጋ አያደርግም፣ መሐላው ነው የሚያደርገው። ግሪን ካርድ ይዞ መመዝገብና ድምፅ መስጠት ከአገር ሊያስባርር ይችላል። "አላወቅኩም ነበር" ብሎ ዳኛ ፊት የቆመ ሰው አውቃለሁ።

በጊዜ ከማልሽ ለኖቬምበር 3 ቀን 2026 ምርጫ ትደርሻለሽ። ማክሰኞ ነው፣ ሁሌም ማክሰኞ ነው። በ1845 ሲወስኑ ገበሬው እሑድ ቤተክርስቲያን ይሂድ፣ ሰኞ በፈረስ ይጓዝ፣ ረቡዕ ገበያው እንዳይቀርበት ብለው ነው። ፈረሱ ቀርቶ ማክሰኞው ቀረ። ፈረቃሽን ካሁኑ አስተካክዪ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ጋሼ፣ ትናንት ማታ ከዲሲ ሥራ ስመለስ ሆን ብዬ በካፒቶል በኩል ዞርኩ። ጉልላቱ ላይ ያለችው መብራት ጠፍታለች። ምን ማለት ነው?

ቀዩ ታክሲ፦

ትናንት ሐሙስ ነው እኮ። ሦስት የምክር ቤት አባላትን ወደየቤታቸው ሲሄዱ ናሽናል ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሰኞ ማታ እይያት።